የጊዮርጊስ ዕለት የታጨደ ገብስ

በረዶ የመታው ማሳ የራሱ ሽታ አለው። የረገፈ የባቄላ ቅጠል፣ የተቀጠቀጠ የገብስ አገዳና የቀዘቀዘ ጭቃ አንድ ላይ የሚሰጡት ሽታ ነው፤ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ደስ ይላል። ባለፈው ጥቅምት ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ መጥቼ አምበር ከተማ ላይ ወረድኩና ወደ ቤተሰቦቼ መንደር የሚወስደውን የእግር መንገድ ስይዝ ይኸው ሽታ ተቀበለኝ። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ከተማ ያደገች ስለሆነች አየሩን በረጅሙ ስባ እንዴት ደስ ይላል አለችኝ። እኔ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት፣ መንገድ ላይ ቆሜ ምላሴ ጠቁሮ እንደሆነ ለማየት ስልኬን ላወጣ ምንም አልቀረኝም።

ይህ ሞኝነት የተጀመረው አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ በአንድ ጥቅምትና በግማሽ ኅዳር ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ስለነበር በዚያ ዕድሜዬ የተሳሳትኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

አባባ የምላቸው የአባቴ አባት መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉባኤ ዘርግተው ዜማና የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ወንበራቸውን ለሌላ ለቀው እኛ ቤት ገቡ። በዙሪያችን ካሉ ካህናት የሚበዙት እሳቸው ፊት ቁጭ ብለው የተማሩ ናቸው። የደብራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ኃላፊ ቄሰ ገበዝ አየነውም ደቀ መዝሙራቸው ነበሩ። ቄሰ ገበዝ ቤታችን ሲመጡ አባባ እንደ ልጃቸው አንተ ይሏቸዋል፤ በደብሩ ግቢ ግን ለክህነታቸው ሲሉ እርስዎ ነው የሚሏቸው። በዚህ ምክንያት ቄሰ ገበዝ ለእኔ ሁለት ሰው ነበሩ፤ አንዱ እኛ ቤት ንፍሮ የሚበላው፣ ሌላው መስቀል የሚያሳልመው።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ደጃፉ ላይ ከአባባ እግር ሥር እቀመጥና የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው በግእዝ በቃላቸው ይዘውታል። ቃል ከዘለልኩ በመቋሚያቸው መሬቱን ጠቅ ያደርጋሉ፣ እኔም ተመልሼ አነባለሁ። በቃልዎ እያወቁት ለምን በአማርኛ ያስነብቡኛል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በግእዝ ሲሆን ዜማው ይጥመኝና ሌላ ሰው የሚመከር ይመስለኛል፣ በአማርኛ ስሰማው ግን የሚናገረው እኔን ነው አሉኝ። አንዳንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ሳንጨርስ ለዛሬ ይበቃል ይሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ይላሉ። እኔ የደከማቸው ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ኢዮብን ጨርሰን ነበር። እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ በረዶው መዝገብ ቤት የሚጠይቅበትን ቦታ ካነበብኩ በኋላ፣ የሰማይ በረዶ እንደ እኛ ገብስ ጎተራ ውስጥ እንደሚቀመጥ ተረዳሁ። ጎተራ ካለ ጠባቂ አለው። ጠባቂውም በደብራችን ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የማየው ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ይህን ያህል ዘመን ሲያስተምሩ ያላገኙትን በአንድ ክረምት ስላገኘሁት ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።

በመንደራችንም ቢሆን ነገሩ ከእኔ አሳብ ብዙ የራቀ አልነበረም። በረዶ የሚያመጣው ደመና ሳይሆን በዓል የሻረ ሰው ነው ተብሎ ይታመናል። በዓሉ ደግሞ ብዙ ነው። ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ገብርኤል በአሥራ ዘጠኝ፣ ማርያም በሃያ አንድ፣ ጊዮርጊስ በሃያ ሦስት፣ ተክለ ሃይማኖት በሃያ አራት፣ መድኃኔ ዓለም በሃያ ሰባት፤ ሰንበቶቹም መሃል ይገባሉ። በእነዚህ ቀኖች መሬት አይቆፈርም፣ አይታጨድም፣ እንጨት አይፈለጥም። አንድ ሰው ቢያጠፋ በረዶው የሚወርደው በሁሉም ማሳ ላይ ስለሆነ፣ ሰው ከራሱ ይልቅ ጎረቤቱን ነበር የሚጠብቀው።

ጎረቤታችን ጋሽ ልየው የሞተው ጥቅምት አራት ቀን ነው። ሚስቱ እትዬ የዝና፣ እኩያዬና ጓደኛዬ ከሆነችው ከልጇ ከእናና እንዲሁም ጡት ካልጣለ ሕፃን ጋር ቀረች። እትዬ የዝና ቀልደኛ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላም ቀልዷ አልጠፋም፣ ድምፅዋ ብቻ ነው የቀነሰው። ገብሷ ደርሶ ዘለላው መርገፍ ጀምሮ ነበር። የመንደሩ ወንዶች ጥቅምት ሃያ ሁለት በደቦ ሊያጭዱላት ቃል ገቡላት፤ ከማርያም በኋላ ከጊዮርጊስ በፊት ያለችው አንዲት የሥራ ቀን እሷ ነበረች። በቀኑ ግን ማንም አልመጣም። የቄሰ ገበዝ ገብስም ደርሶ ስለነበር ሰዉ ሁሉ እዚያ ሄደ። አባቴም ሄዶ ሲመሽ እያንጎራጎረ ተመለሰ፣ ለአባባም ከቄሰ ገበዝ ቤት የተላከ አንድ ገንቦ ጠላ ይዞላቸው መጣ።

በማግስቱ በጊዮርጊስ ማለዳ ወደ ቅዳሴ ስሄድ እናናን ልጠራት ጎራ አልኩ። እናትና ልጅ ማጭድ ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸው። እትዬ የዝና ሕፃኑን አዝላለች። እኔን ስታይ አልደነገጠችም፤ ሂጂ፣ ቅዳሴው ያመልጥሻል ብቻ አለችኝ። እኔ ግን ተከተልኳቸው። እናና ብቻዋን ነዶ ስታስር በዓይነ ኅሊናዬ መጣችብኝና እግሬ ወደ ደብሩ አልሄድ አለኝ። ማሳቸው ከደብሩ ፊት ለፊት ባለው ተዳፋት ላይ ስለነበር የቅዳሴው ዜማ በደንብ ይሰማል። እትዬ የዝና ወደ ደብሩ ዞራ ጎንበስ ብላ ተሳለመች።

«ጊዮርጊስ፣ እኔ ባል የለኝም፣ አንተም ወርደህ አታጭድልኝም። እንግዲህ ቻለኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ከማጥባት በቀር ቀና አላለችም። እኔ ያሰርኩት ነዶ እየተፈታ እናና እንደገና ታስረው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ገብሱ ተከምሮ ክምሩ በሣር ተከድኗል።

በረዶው የወረደው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ነበርን። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር መምህሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ ጠመኔውን አስቀምጦ እንደ እኛው በመስኮት ማየት ጀመረ። ሲያባራ አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ሌሎቹ ልጆች በረዶውን እየዘገኑ ሲወራወሩ እኔ አቀርቅሬ የፈረስ ኮቴ እፈልግ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጎተራውን ከፍቶ ከወረደ በዚህ በኩል ማለፉ አይቀርም ብዬ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ኮቴ አገኘሁ። ዱካውን ተከትዬ ስሄድ የአባቴ በቅሎ ሆነች፤ ያም ቢሆን ብዙ አላጽናናኝም።

ባቄላው ወደመ፣ ገብሱ መሬት ላይ ተኛ፣ ጤፉ ጭቃ ውስጥ ገባ። አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት፤ አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእትዬ የዝና ክምር ግን በሣሩ ሥር ደረቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ወሬው ከመምሸቱ በፊት መንደሩን አዳረሰ። እሷ በዓል ሻረች፣ እኛ ተመታን፣ እሷ ተረፈች ተባለ።

በማግስቱ በመድኃኔ ዓለም ዕለት ቄሰ ገበዝ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ከደብሩ በር ውጪ ካለው ወይራ ሥር ለአውጫጭኝ ሰበሰቡ። በአውጫጭኝ ሁሉም ያየውን ይናገራል፤ እንዳይደብቅም አስቀድሞ ግዝት ይወርድበታል። ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ በዓል የሻረውን አይቶ የደበቀ ሁሉ ከምእመናን የተለየ ይሁን ብለው ገዘቱ። ከኋላዬ የነበረች አሮጊት፣ እንዲህ ያለ ሰው ምላሱ ይጠቁራል ብላ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። እኔ ከግዝቱ ይልቅ የያዝኩት የአሮጊቷን ቃል ነው።

እትዬ የዝና ማንም ሳይጠቁማት ተነሳች። እኔ ነኝ ያጨድኩት፣ እየረገፈብኝ ነው አለች። ቄሰ ገበዝ ማን አብሮሽ ነበር ብለው ጠየቋት። ብቻዬን ነበርኩ ብላ መለሰች። ስትመልስ ወደ እናናም ወደ እኔም አላየችም። እኔ ከእናቴ ነጠላ ጀርባ ተደብቄ ዝም አልኩ።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። በበዓል የታጨደው ገብስ ክምሩ ሳይፈርስ ይቃጠል፤ እስኪቃጠል ድረስ ግን ደብሩን አትርገጥ፣ ማንም ቤቷ አይግባ፣ ካህንም ለባሏ አርባ አይሄድላት ተባለ። አርባው ኅዳር አሥራ ሦስት ነው፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። እትዬ የዝና ክምሩን ካቃጠለች ለተዝካሩ የምታቀርበው፣ ለልጆቿም የምታበላው የላትም። ካላቃጠለች ጋሽ ልየው ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወደየትም ቢዞሩ መውጫ አልነበረውም። እሷ አላቃጥልም አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚያስጭራት ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ግማሽ አድርገው ይነሳሉ። እናና ትምህርት ቤት ከሦስት ልጆች ጋር ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ብቻዋን ሆነች። እኔም አንዷ ነበርኩ፤ ከእሷ ተነስቼ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ ለራሴ፣ ያችን መነሳቴን ግን እስካሁን አፍርባታለሁ። በየማለዳው የእናቴን ስባሪ መስታወት ይዤ ጓሮ እሄድና ምላሴን አያለሁ። አንድ ቀን እውነትም ጠቁሮ አገኘሁት። የጫካ ጥቁር እንጆሪ በልቼ ነበር፤ ግን እስከ ቀትር ድረስ አላስታወስኩትም።

በዚያ ሰሞን አባባ ወንጌል ነበር የሚያስነብቡኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱ አሥራ ስምንት ሰዎች የሚናገረው ቦታ ደረስን። ጌታ፣ እነዚህ ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ የሞቱ ይመስላችኋልን ብሎ ይጠይቅና ራሱ አይደለም ብሎ ይመልሳል። እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። አባባ መቋሚያቸውን ጠቅ አደረጉ። እኔ ከማንበብ ፈንታ ሁሉንም አፈረጥኩት፤ ማሳውን፣ ነዶውን፣ እትዬ የዝና ስለ እኔ መዋሸቷን፣ ምላሴን።

አባባ አልተቆጡም። ምላስሽን አውጪ አሉኝ። አወጣሁ። በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው እርጥብ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም አሉ። ከዚያ ደቦው ለምን እንደቀረ ጠየቁኝ። ሰዉ ሁሉ ቄሰ ገበዝ ማሳ ላይ እንደነበር፣ የጠጡትም ጠላ ከዚያ የመጣ መሆኑን ነገርኳቸው። በዚያን ምሽት እራት አልበሉም፣ በማግስቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሙ።

ከዚያ በኋላ ንባባችን እንደ ወትሮው በተራ መሆኑ ቀረ። ይህን ፈልጊ፣ ያንን ግለጪ ይሉኛል። ስለ ሰንበት፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ባልቴቶች፣ ስለ እረኞች የተጻፈውን ስናገላብጥ ከረምን። ለእሳቸው የሚመቸውን ብቻ አልነበረም እንድፈልግ የሚያዙኝ። በአንድ ሰው ኃጢአት ሕዝብ የተመታበትንም አስነብበውኛል፤ አየነው በዚህ ይመጣብኛል ይሉ ነበር። አባቴ ነገሩ ሲገባው ፈራ። አንድ ምሽት ከአባባ ፊት ተንበርክኮ ለመናቸው። በእርጅናዎ ጴንጤ ሆኑ ያስብላሉ፣ እርስዎንም እንደሷ ይለዩዎታል፣ ነገ ሲሞቱ ማን ይፈታዎታል አላቸው። አባባ፣ ሰባ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለምን ቀን ነበር አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለሚካኤል ነጭ ልብስሽን እጠቢ አሉኝ።

ኅዳር ሚካኤል የአርባው ዋዜማ ነበር። ከሩቅ ሳይቀር ሰው መጥቶ የወይራው ሥር ሞልቷል። እትዬ የዝና ከሰዉ ራቅ ብላ፣ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሕፃኑን ይዛ ተቀምጣለች። ማን እንደሚጠጣው ሳታውቅ ጠላ ጠንስሳለች መባሉን ሰምተናል። ቄሰ ገበዝ ስብከታቸውን ሲጨርሱ አባባ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዘው ተነሱ። አባታችን፣ ይህች ልጅ ጥቂት ታንብብ ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ቄሰ ገበዝ ለመምህራቸው እምቢ ማለት አልቻሉም።

ስለ ግንቡ የሚናገረውን አነበብኩ። በመጀመሪያ ተቻኮልኩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ደጃፋችን ላይ ያለሁ መሰለኝና ረጋሁ። ስጨርስ ከኋላ አንድ ሰው፣ በአማርኛ አውጥቶ ማንበብ የጴንጤ ነው፣ መሪጌታም በዓል አይከበር ሊሉን ነው አለ። ጉምጉምታው በረታ።

«ጊዮርጊስን ሰባ ዓመት አክብሬዋለሁ፣ የሚመጣውንም አከብረዋለሁ» አሉ አባባ። «የማከብረው ግን ስለምወደው ነው። በረዶ ይዞ በር ላይ የሚጠብቀኝ ወንበዴ አድርጌው አላውቅም።»

ቄሰ ገበዝ የዋዛ ሰው አልነበሩም። ጤፋቸው እንደሌላው ወድሟል፣ ምእመኑ ይጠብቃቸዋል፣ የሚሉትንም ከልባቸው ያምኑታል። አባባ እንደጠበቁት፣ አካን የተከለከለውን ወስዶ በደበቀ ጊዜ እስራኤል ሁሉ መመታቱን አነሱ። አንድ ሰው ሲያጠፋ አገር ይቀጣል፣ ይህን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ አሉ።

«አስተምሬያለሁ» አሉ አባባ። «አካንን ግን በዕጣ ለይቶ ያወጣው እግዚአብሔር ነው። የዝናን ለይተን ያወጣናት እኛ ነን፤ ክምሯ ስለተረፈ። በክምር ከሆነ በዚህ አገር የተረፈው ሁለት ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ቄሰ ገበዝ እንዳያይ መሬት መሬቱን አየ። እኔ በዚያን ጊዜ እንድናገር አባባም አልነገሩኝም፣ ራሴም አላሰብኩበትም። እትዬ የዝና ድንጋዩ ላይ ሆና ወደ እኔ ስታይ ዓይናችን ተጋጨ፤ ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀችልኝ፣ ዝም በይ ለማለት ነው። ዝም ማለት ግን ሰልችቶኝ ነበር።

«ብቻዋን አልነበረችም» አልኩ። «እኔም ነበርኩ። ነዶ አስሬያለሁ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ አባቴ ከወንዶቹ መሃል ተነሳ። ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን እንደያዙ እኔን ያዩኛል። በራሳቸው ቃል ከሆነ የመምህራቸውን የልጅ ልጅ ከሰው ፊት መለየት አለባቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ፤ በኅዳር ንፋስ። አባባ ትከሻዬን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በዚያ ግቢ ደጃፍ ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ባልሰማሁት አጠራር ነበር የጠሯቸው።

«አየነው፣ ልጄ» አሉ። «ልትገዝት ከሆነ ከእኔ ጀምር። በሃያ ሁለት የዚህች ባልቴት ደቦ አንተ ማሳ ላይ ዋለ። ልጄ እዚያ ነበር። ጠላህን እኔ ጠጥቻለሁ፣ ከየት መጣ ብዬም አልጠየቅሁ። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ይወጣል ብሎ ጌታ ፈቅዶልናል። የዝናን ከጉድጓድ የከተትናት እኛ፣ ራሷን ብታወጣ የፈረድንባት እኛ። የሙት ልጅንና ባልቴትን በመከራቸው መጠየቅ ነው ንጹሕ አምልኮ ተብሎ ተጽፎ፣ እኔ በዜማ ሳስተምርህ ኖሬ ልቤ ላይ አላኖርኩልህም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቄሰ ገበዝ ጎንበስ ብለው የአባባን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ አባባ በእጃቸው አገዷቸውና ወደ መንገዱ አመለከቱ። ማየት አይችሉም፣ ግን እትዬ የዝና የት እንዳለች አስቀድመው እኔን ጠይቀው ነበር። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ቄሰ ገበዝ እስከ ድንጋዩ ድረስ ሄደው ከፊቷ ቆሙ፣ እሷም ሕፃኑን እንዳቀፈች ብድግ አለች።

«ግዝቱን አንስቻለሁ» አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅር በይኝ፣ የዝና» አሏት።

«እኔም ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ከመስቀል ፊት ዋሽቻለሁ፣ ልጆቹን ፈርቼ ነው» አለች። «እርስዎም ይፍቱኝ።»

ስለ ገብሱ ይቅርታ አልጠየቀችም። ቄሰ ገበዝም አልጠበቁ። መስቀላቸውን በግንባሯ፣ ቀጥሎ በሕፃኑ ግንባር ላይ አሳረፉ። ካህናት ነገ በማለዳ እንደሚመጡላት ነገሯት። እሷ አመሰገነችና ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ ጠላው ደርሷል፣ ዳቦውንም ሌሊት እጋግረዋለሁ፣ ዳስ የሚጥልልኝ ሰው ስለሌለ ግን እንግዳው ፀሐይ ላይ ይቀመጣል አለች። ስትናገር የድሮው ቀልዷ ከንፈሯ ላይ ነበረ።

ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዳስ ለመጣል እንጨት ይቆረጣል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ምሰሶ ይተከላል፤ አርባው ነገ ስለሆነ ይህ ሁሉ የግድ ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ ከዓመት ዓመት ተጠብቆ የሚከበረው ኅዳር ሚካኤል ነው። አባቴ መጥረቢያውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲሮጥ አየሁት። ሌሎቹ ግን ቆመዋል።

ቄሰ ገበዝ ካባቸውን አውልቀው ለዲያቆኑ ሰጡና ወደ እትዬ የዝና ደጅ ወረዱ። እኛም ተከትለን ጎረፍን። ከአጥሩ ሥር ዶማ አገኙ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጎጡ፣ ቦታውን በእግራቸው ለኩ፣ ዶማውን አነሱ። ቅድም አባባን ጴንጤ ያለው ሰው ጠጋ ብሎ በፍርሃት ድምፅ ተናገራቸው።

«አባ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ምሰሶውን ያዝልኝ።»

ሰውየው ያዘ። ከእሱ በኋላ ቆሞ የቀረ አልነበረም። እኔና እናና ለጣሪያ የሚሆነውን ቅጠል እየተሸከምን አቀበልን፣ አባባ ግንድ ላይ ተቀምጠው የዶማውን ድምፅ ይሰሙ ነበር። እኔ እስኪመሽ ድረስ በየመሃሉ ቀና እያልኩ ሰማዩን አይ ነበር። አንድ ጠብታ አልጣለም። ቢጥልም ኖሮ፣ በዚያን ቀን ማን አመጣብን ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመንደራችን አይገኝም ነበር።